ስም የሌለው ክሬም

በእኛ ጊዜ ክሬም ስም አልነበረውም። ምን ያስቅሻል ሜሮን? አንቺማ ስልክሽን ትከፍቺና አንዷ ቀብታ ታሳይሻለች፣ «ይሄ ለደረቅ ቆዳ፣ ይሄ ለወዛም ቆዳ» ትልሻለች፣ አንቺም በሰው ፊት ላይ አይተሽ ትገዣለሽ። በእኛ ጊዜ ታዲያ ያ የሰው ፊት የኔ ነበር! አዎ፣ የኔ የአስካለ ፊት። የድሬዳዋ ከዚራ ሴት ሁሉ አዲስ ነገር ከመቀባቷ በፊት «አስካለ ምን አለች?» ነበር የምትለው። ደሞዝ የለው፣ ሹመት የለው፣ መቃጠል ብቻ።

ዘመኑ ደርግ ነው እንግዲህ። ሱቅ ብትገቢ ሳሙና እንኳ በወረፋ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ስንሄድ ደግሞ የሴቶቹ ሊቀ መንበር ትነሳና፣ «ጓዶች! ከንፈር መቀባት የቡርዧ ብልግና ነው!» ትለናለች፤ እኛም እናጨበጭባለን፣ እጃችን እስኪቀላ እናጨበጭባለን። ስብሰባው ሲያልቅ ታዲያ ቀስ ብላ ጠጋ ትለኝና፣ «አስኩ፣ ያ ቀዩ መጣ እንዴ?» መጣ ስላት፣ «ለእህቴ ነው።» ያቺን እህቷን አንድም ቀን አይተናት አናውቅም።

ዕቃውን የምታመጣው ሃሊማ ነበረች። ሃሊማ ጎረቤታችን ነች፣ የሶማሌ ሴት፣ ከጅቡቲ በባቡር እየተመላለሰች ኮንትሮባንድ የምትነግድ፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» የምትል፣ ልቧ ግን ወርቅ። ታዲያ ፊናንሶቹ፣ ያው የጉምሩክ ፖሊሶቹ፣ ባቡሩን ሲበረብሩ መከራ ስለሚያሳዩዋት ምን ታደርጋለች መሰለሽ፣ ካርቶኑን ትጥላለች፣ ጠርሙሱንም ትጥላለች፣ ክሬሙን በላስቲክ በላስቲክ ቋጥራ ወገቧ ላይ ታስረዋለች። ቀጭን ሆና ሄዳ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ነው የምትመለሰው! እና ቤት ገብታ ላስቲኩን ስትፈታው አንዱም ነጭ፣ ሌላውም ነጭ፤ የትኛው የፊት፣ የትኛው የተረከዝ፣ የትኛው የሕፃን ቂጥ እንደሆነ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ።

«ሃሊማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፓሪስ ነው!»

«ያኛውስ?»

«እሱም ፓሪስ! አንተ ዝም ብሎ ቀባ፣ አቦ!»

እኔም እቀባለሁ። ሕግ ነበረኝ እኮ! ግራ ጉንጬን እቀባና ልክ በስድስት ሰዓት ከከዚራ ተነስቼ፣ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ አቋርጬ፣ ቀፊራ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። የድሬን ፀሐይ ታውቂያታለሽ መቼም። ካልቀለጠ፣ ካላሳከከኝ፣ «አለፈ» እላለሁ። ከቀለጠ «ወደቀ»፣ ይግባኝ የለም። ስንቱ ፓሪስ ደቻቱ ላይ ቀልጦ ቀርቷል መሰለሽ።

ታዲያ አያትሽ አልማዝ ልታገባ ሆነ። ያንቺው አያት፣ የኔ የነፍስ ጓደኛ። ሙሽራው ጌታቸው፣ ያንቺው አባባ፣ ያኔ ጎረምሳ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ ተማሪ ካርታ ላይ አንዲት ወንዝ ከረሳ በሩቁ የሚያይ፣ ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው የተባለለት። ሰርጉ እሑድ፣ ያውም በቀትር! ሰዓት እላፊ አለ፣ በማታ ማን ይጨፍራል? ሙሽራ የምትወጣው በጠራራው ነበር፣ ሳትቀልጥ መኪና ውስጥ ማስገባት የኛ ፈንታ ነው።

እና ሃሊማ «ይሄ የሙሽራ ነው» ብላ አንድ ላስቲክ አመጣች። ስንፈታው ሽታው የተበላሸ እንቁላል! «ይገማል እኮ» ስላት፣ «ውድ ነገር ሁሉ ይገማል» አለችኝ፤ እኔም አመንኩ። እንደ ሕጌ ጉንጬን ቀብቼ ወጣሁ፤ ደቻቱ ሳልደርስ ታዲያ ቆንጠጥ ቆንጠጥ ያደርገኝ ጀመር፣ አላስችል ሲለኝ በመሃረቤ ጠርጌው ተመለስኩ። ቤት ገብቼ ጉንጬን ብነካው ሐር! ያ የጉንጭ ጭገር ሁሉ ጠፍቷል። እኔ ብልጧ፣ እኔ ዳኛዋ፣ ጭገሩ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። መንገዱንም አልጨረስኩ፣ ቀፊራንም አላየሁ፤ «አለፈ!» አልኩና ማክሰኞ ማታ የአልማዝን ፊት ሙሉውን ቀባሁላት። በሕይወቴ አንዴ ሕጌን ጣስኩ፣ እሱንም በአልማዝ።

ረቡዕ ጠዋት እናቷ ከግቢያቸው «አስካለ!» ብለው ሲጣሩ ባዶ እግሬን ሮጥኩ። አልማዝ ፎጣ ይዛ ቁጭ ብላለች። አንዱ ቅንድቧ ፎጣው ላይ ነው። ሌላው ፊቷ ላይ አለ፣ እኔ ደግሞ «አይዞሽ፣ ይሄኛው አለ እኮ!» ብዬ ዳበስ ባደርገው እጄ ላይ ቀረ። የፀጉር ማርገፊያ ነበር ለካ! የእግር!

እናትየው፣ «ልጄን ቅል አደረግሻት! በይ ተነሺ፣ ቀበሌ እንደምታደርጊው ግለ ሂስ አድርጊ!» ሃሊማ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ፣ «ወላሂ ይበቅላል!»

«እስከ እሑድ?»

«እስከ አረፋ!»

አልማዝ ግን አልጮኸችም። ብትጮህብኝ በወደድኩ። «ጌታቸው እንዲህ ሆኜ ካየኝ ይመልሰኛል» አለች፣ ቀስ ብላ። «አልመልስሽም ቢል እንኳ ሰው ይስቅብኛል፣ ዕድሜ ልኬን።» እኔ፣ «በኩል እስልሻለሁ፣ ማንም አያውቅም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና፣ «በቀትር? ባለ ቅንድቧ ምን ታውቂያለሽ፣ ቀልጦ ቢወርድስ? ከእንግዲህ መጀመሪያ ራስሽ ላይ ሞክሪ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አፏን ዘጋች።

እውነቷን ነው። ቤቴ ገባሁ፣ ያንኑ ክሬም ለሁለቱም ቅንድቤ ለጥ አድርጌ ቀባሁ፣ ጠረግሁ፣ አለቀ። እናቴ አይታኝ ውሃ የያዘችበትን ጆግ ጣለች።

ሐሙስ ቅንድቤን በኩል ስዬ በስድስት ሰዓት ቀፊራ ወረድኩ። በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት ገና ስታየኝ ደረቷን መታች፣ «ውይ እህቴን! ማን ሞቶብሽ ነው?» መስታወት ብትሰጠኝ ኩሉ አገጬ ደርሷል። ወደቀ። ዓርብ ሃሊማ አንዲት የቅንድብ እርሳስ ከየት እንዳመጣች እንጃ አመጣች፤ ስዬ፣ ፓውደር ነስንሼበት፣ ቀፊራ ደርሼ፣ ያቺኑ ሴትዮ ፊት ለፊቷ ቆሜ ሰላም አልኳት። «ትናንት እህትሽን አየኋት፣ በጣም አዝናለች» አለችኝ። አለፈ! ደቻቱ አሸዋ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፣ በደስታ፤ እንባ እንኳ አላነሳውም።

እሑድ አልማዝን ሳልኳት። ፊቷን ሰጠችኝ፣ ቃል ግን አልሰጠችኝም። እኔ ስስላት እሷ ጣራ ጣራ ታያለች። ይሄ ይቆጠቁጠኛል እስከ ዛሬ። ሰርጉ እልል ተባለ፣ ቅንድቡ በቀትር ፀሐይ ንቅንቅ አላለም፣ እርሳሷንም ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት፤ አንዲት ብቻ ነበረች፣ እሷ ትጠቀምባት ብዬ።

ታዲያ በሦስተኛው ቀን መልስ ተጠራ፣ ሙሽሮቹ እናቷ ቤት መጡ። እኔ እርሳስ የለኝ፣ ሻሼን ግንባሬ ላይ ጎትቼ ወጥ ሳቀርብ ሻሹ ሸሸት አለ። ጌታቸው ጉርሻው አፉ ላይ ቀረ።

«አስካለ! ቅንድብሽ የት ሄደ?»

እኔ ወጡን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ይሄ የኮንትሮባንድ ቅባት ነው አይደል?» አለ፣ ክፍል ውስጥ እንደቆመ አስተማሪ እጁን እያወናጨፈ። «እናንተ ልጆች መቼ ነው የምትሰሙት? አልማዝን እዪያት እስቲ! እግዜር የሰጣትን ይዛ አርፋ ተቀምጣለች። የኔ ሚስት እንዲህ ያለ ነገር በእጇም አትነካም!»

አልማዝን አየኋት። ጠዋት ብቻዋን ተጣድፋ ስላ፣ የግራው ቅንድቧ ከቀኙ ሁለት ጣት ከፍ ብሏል። ጌታቸው ታዲያ ሚስቱን ከላይ እስከ ታች ያያል፣ ይኮራል። አልማዝ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ፤ መሬት ላይ ዘጭ ብለን ትንፋሽ እስኪያጥረን ሳቅን። «ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው በጎህ እየተነሳሁ የምስለው ለዚህ ነው?» አለችኝ። ከረቡዕ ወዲህ ያናገረችኝ ያኔ ነው። እኔ ሳቁ እንባ ሆነብኝ፣ አቀፈችኝ።

እና ልጄ፣ ስንቃጠል፣ ስንላጥ፣ ደቻቱን ስንመላለስ የከረምነው ለዚህ ዓይን ነው። አራት ልጅ ወልደው፣ ቅንድቧም በቅሎ፣ እስከ ዛሬ አያውቅም። እንዳትነግሪው ደግሞ!

ሜሮን፦ «ውይ እማማ አስካለ! አባባ ትናንት እኮ ሊፒስቲኬን አይቶ፣ ‹ምናለ እንደ አያትሽ ብትሆኚ፤ እኔ ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር ፊቷ ላይ አንዲት ነገር አይቼ አላውቅም› አለኝ!»

(ሳቅ)

አስካለ፦ «‹አይቼ አላውቅም› ማለቱማ እውነቱን ነው!»