የባሏ ስም

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት የሃያ አራት ዓመት ሰው ነበርሁ። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስሄድ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት ሙሽራና ካርቱም ኖረው የተመለሱ ሽማግሌ ይነጋገራሉ። ባሏ ካርቱም ነው፤ እሷም ቪዛ ልትጠይቅ አዲስ አበባ መሄዷ ነው። የሰማሁትን ነው የምጽፍ።

«እኔ ቪዛ ሰጪው ሹም ነኝ እንበል። ባልሽ ማን ይባላል?» አሏት።

«ባለቤቴ።»

«ስሙን!»

«ኧረ አባ፣ የባል ስም ይጠራል እንዴ? ነውር ነው!»

«ካልጠራሽውማ ባልሽ አይደለም ብለው ይመልሱሻል።»

«ቢሰማኝስ?»

«ካርቱም ሆኖ?»

ተሳፋሪው ሳቀ።

«በይ፣ ሳትደነግጪ ቀለል አርገሽ።»

«አ... ዓለሙ።»

«እንዲህ ተሽኮርምመሽ ከጠራሽውማ ውሽማዋ ነው ይላሉ! እንደ ገና!»

«ዓለሙ! ባሌ ዓለሙ ነው!»

«እሰይ! አሁን ሚስት ሆንሽ።»

እንጅባራ ወርጄ ቤቴ ገባሁ፤ በማግስቱ ጧት ግን ሚስቴን «እስቲ በስሜ ጥሪኝ» አልኋት።