እናቱ ያልታወቀች ድንች

ከጽሕፈት ቤታችን ተነሥተን ወደ ላይኛው መንደር ስንወጣ የሞተር ብስክሌታችን ካቴና መንገድ ላይ ተበጠሰ። አልተናደድኩም። በገጠር የግብርና ምክር ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየ ሰው ለንዴት የሚሆን ጉልበት አይተርፈውም። ከኮሌጅ ከወጣች ሁለት ወር ያልሞላት ጀማሪ ባልደረባዬ ግን ካቴናውን እያገላበጠች፣ እጇ በቅባት ጠቁሮ፣ «እዚህ ቅርብ ያለው ቤት የማን ነው? ሽቦ ቢሰጡን እናስረዋለን» አለችኝ።

ቤቱ የአንድ አዛውንት ድንች አምራች ነበር። ሰውዬውን ከማንም ይልቅ አውቃቸዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችተውኛልም። ስብሰባ ስጠራ ከፊት ወንበር አይጠፉም፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የማድለውን በራሪ ወረቀት አራት አጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። ማሳቸው ግን ከዓመት ዓመት ይከሳል። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት እንዲህ ነው። እሳቸውም በበኩላቸው «በራሪው» የሚል ስም አውጥተውልኝ፣ መንደሩ ሁሉ በዚያው ይጠራኛል።

ደጃፋቸው ስንደርስ መቆፈሪያዎቻቸውን ሰብስበው በገመድ ሲያስሩ አገኘናቸው።

«እሰይ፣ እግር ጥሎህ መጣህ» አሉኝ። «ከመዝገብህ ላይ ስሜን ሰርዝልኝ። ዘንድሮ አልተክልም።»

«ምነው አባባ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«እኔስ ደህና ነኝ፤ መሬቱ ነው የሞተው። አባቴ በዚህ ማሳ አሥር ልጅ አሳድጎበታል። እኔ የሁለት ሽማግሌ አፍ መሙላት አቃተኝ። ልጄ በወሩ መጨረሻ መኪና ይዞ ይመጣል፤ ከተማ ወስዶ አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀምጠናል። እንግዲህ በመስኮት አላፊ አግዳሚውን እያየን መሞት ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ አላለም። ሰውዬው ቢያሰለቹኝም ያን ማሳ እንደሚወዱት አውቃለሁ።

ባልደረባዬ ሽቦውን ረስታ «አባባ፣ የዘር ድንቹን ላየው እችላለሁ?» አለቻቸው።

«ምኑን ታይዋለሽ ልጄ? ድንች ድንች ነው» ብለው ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ማከማቻ ወሰዱን።

ጠባብ፣ ጨለም ያለ፣ ግን ንጹሕ ክፍል ነበር። መሬቱ ላይ ሦስት ክምር አለ። አንደኛው የጡጫ ያህል የሆነው፣ ለገበያ፤ ሁለተኛው መካከለኛው፣ ለቤት ምግብ፤ ሦስተኛው አውራ ጣት የሚያክለው፣ ቆዳው የተጨማደደው፣ ማቆጥቆጥ የጀመረው፣ ለዘር። አንዱ ከሌላው አልተቀላቀለም። የለየው እጅ ጠንቃቃ ነው።

«ለዘር የሚቀረው ሁልጊዜ ትንሹ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ታዲያ ትልቁን አፈር ላልብሰው? ሰው እያለ መሬት ይጋበዛል እንዴ!»

«ማሳው ውስጥ ቅጠሉ የሚጠቀለል፣ ቁመቱ የሚያጥር ተክል አይበዛም?»

አዛውንቱ ትንሽ አሰቡ። «ይበዛል። በአባቴ ጊዜ አልነበረም፤ እኔ ከተረከብኩ በኋላ የመጣ ነው።»

«እሱ በሽታ ነው አባባ። የታመመ ተክል የሚያፈራው ትንንሽ ድንች ነው። ሲቆፈር ሁሉም ይቀላቀልና ትንንሹ ለዘር ይቀራል። ስለዚህ የጤነኛውን ልጅ እየበላችሁ የበሽተኛውን ልጅ ትተክላላችሁ ማለት ነው። ይህ ዓመት በዓመት ሲደጋገም ማሳው ውስጥ ጤነኛ ከየት ይመጣል?»

«ትንሽ ድንች ሁሉ በሽተኛ ነው ትይኛለሽ?»

«አልልም። ከጤነኛ እናት የመጣ ትንሽ ድንች ጥሩ ዘር ነው። ጥፋቱ ማነሱ አይደለም፤ እናቱ አለመታወቋ ነው።»

ይህንኑ እኮ እኔ ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ አስተምሬያቸዋለሁ። እንደጠበቅሁትም አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ያንን መነቅነቅ ስለማውቀው፣ ሽቦዬን ፈልጌ ልውጣ ብዬ ፊቴን ሳዞር፣ ልጅቱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቅሁትን ጠየቀች።

«አባባ፣ እነዚህን ክምሮች የለየው ማን ነው?»

«ማን ይሆናል፣ ባለቤቴ ናት እንጂ። እኔ ቆፍሬ አስገባለሁ፤ ከዚያ በኋላ የእሷ ነው። ምን እንደሚሸጥ፣ ምን እንደሚበላ፣ ምን ለዘር እንደሚቀር የምታውቀው እሷ ናት።»

«በስብሰባው የሰሙትን ነግረዋቸው ያውቃሉ?»

አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ አልዋሽም፤ ዘጠኝ ዓመት ሰምቻለሁ፣ አልነገርኳትም። ወንድ ልጅ በሴት ጓዳ ምን ጥልቅ አደረገው? ስብሰባ ውዬ መጥቼ ‹አመራረጥሽ ስሕተት ነው› ብላት በዚህ ቤት ሰላም ውሎ ማደር አለ? ወረቀቱን እሳት አያይዝበት ነበር። በራሪው እንዳይከፋው እንጂ፣ ደህና አድርጎ ይነዳል።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?» የሚል ድምፅ ከበሩ ተሰማ። ባለቤታቸው እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ቆመዋል። «አንተ ሰውዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ስትሰማ ኖረህ ለእኔ ትንፍሽ ሳትል?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«አሁን ደስ ያለኝ መሰለህ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ፣ ሰው ጠፍቶ ነው ለሱ የምትነግረው? ምነው እኔን አልጠራኸኝ?»

«እማማ፣ ጥሪው የሚላከው ለቤተሰብ ኃላፊ ነው» አልኩ።

ጥሪውን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ስብሰባውን ማክሰኞ ጠዋት ያደረግሁትም እኔ ነኝ፤ ያ ሰዓት ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበትና ከብት የሚያልቡበት መሆኑን የማያውቅ የለም። በየሦስት ወሩ «ሥልጠና ተሰጥቷል» ብዬ ሪፖርት ልኬያለሁ። አንዱም ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ከሰጠሁት ሥልጠና ውስጥ የዚህን ማከማቻ ደፍ ያለፈ አንዲት ቃል የለችም። አፈርኩ፤ የት ልግባ አልኩ።

እማማ በርጩማ ስበው ከልጅቱ ፊት ተቀመጡ። «በይ ልጄ፣ ለእኔ ንገሪኝ። እናቱን እንዴት ነው የማውቀው? ከተቆፈረ በኋላ ሁሉም አንድ ነው።»

«ልክ ነዎት፣ ከተቆፈረ በኋላ አይታወቅም። ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ሲያብብ፣ ማሳው ውስጥ ይዙሩ። ቁመቱ ያማረ፣ ቅጠሉ ደህና የተዘረጋ ተክል ሲያገኙ ከጎኑ እንጨት ይትከሉ። ሲደርስ እንጨት ያለውን አስቀድመው ለብቻ ይቆፍሩ። ከሥሩ ብዙና ጥሩ የወጣለትን ለዘር ያስቀምጡ፤ የሰነፈውን ይብሉት።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እና ዘንድሮ ብተክል ስንት እጥፍ አገኛለሁ?» አሉ አዛውንቱ ከኋላ። «በራሪው እጥፍ ሳይል ውሎ አያውቅም።»

ልጅቱ እጇ ላይ የደረቀውን ቅባት እየፋቀች «ዘንድሮ ምንም አይለወጥም» አለች። «ዘሩ ያው ዘር ነው፤ እንዳምናው ትንሽ ነው የሚያገኙት። ለውጥ የሚጀምረው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ያም ጥቂት ነው። በሦስተኛው ይሻላል።»

አንገቴን ደፋሁ። እንዲህ ተብሎ ይመከራል? እኛ የተማርነው ለገበሬ ተስፋ መስጠት እንጂ ተስፋ ማስቆረጥ አልነበረም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትይኝ ነዋ» አሉ አዛውንቱ። ፊታቸው ላይ ግን ፌዝ አልነበረም። «ልጄ፣ ከእናንተ መሥሪያ ቤት መጥቶ ‹ዘንድሮ አይሆንም› ያለኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ስለማይሆነው ካልዋሸሽኝ፣ ስለሚሆነውም አትዋሺኝም። አምኜሻለሁ። ግን ደክሞኛል። አንድ ዓመት ሙሉ ለከንቱ ልቆፍር?»

«እኔስ አልደከመኝም?» አሉ ባለቤታቸው። «ከተማ ሄደን ስንጎለት ድካሙ የሚለቀን መሰለህ? መሬቱ ሞተ ብለህ ልትቀብረው ነበር፤ ለካ ያሳመምነው እኛው ነን። እኔ በዚህ እጄ ነው የመረጥኩት። ያሳመሙትን ጥሎ መሄድ ነውር ነው። አንተ ቆፍር፣ እንጨቱን እኔ እተክላለሁ።»

አዛውንቱ ወጥተው ያሰሩትን መቆፈሪያ ፈቱ፤ ለእኛም ሽቦ ፈልገው ሰጡን።

የዚያ ዓመት ምርት፣ ልጅቱ እንዳለችው፣ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። «አንድ ዓመት ታገሠን» የተባለው ልጃቸው ተቆጥቶ ለሁለት ወር ስልክ አልደወለም። እማማ ግን በአበባው ጊዜ ወገባቸውን ይዘው እየዞሩ መቶ አርባ እንጨት ተክለው ነበር፤ ሲቆፈር ከመቶ አርባው የስልሳውን ብቻ ለዘር አስቀሩ። እኔም ጥሪዬን «ዘሩን ለሚመርጥ ሰው» ብዬ ቀየርኩ፤ ሰዓቱን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቦታውን የእማማ ማከማቻ፣ አስተማሪዋንም እማማን አደረግሁ። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ሴቶች መጡ፤ አንዷም ወንፊት ልትዋስ የመጣች ነበረች።

በሁለተኛው ዓመት ማሳው ውስጥ ቅጠሉ የተጠቀለለ ተክል ቀነሰ። ድንቹም ወፈር አለ፤ ጣሪያ አልነካም፤ ግን ሁለቱን ሽማግሎች እስከሚቀጥለው ምርት የሚያደርስ ሆነ። አዛውንቱ ጎረቤት በጠየቃቸው ቁጥር እንዲህ ይላሉ፦ «አዲስ ዘር አልገዛሁም፣ መድኃኒት አልረጨሁም። ዘሬን ከጤነኛው መረጥኩ፣ የሰማሁትንም ለባለቤቴ ነገርኳት። ቀድሜ ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት አልራብም ነበር።» እኔም ለሥራ ባልደረቦቼ የምጨምረው ይህን ብቻ ነው። ከማስተማራችን በፊት ሥራው በማን እጅ እንዳለ እንጠይቅ፤ የማይሆነውንም አይሆንም እንበል። ምክር የሚታመነው ያኔ ነው።

በዚያው የመከር ሰሞን ልጃቸው የጭነት መኪና ተከራይቶ ሳይነግራቸው መጣ። እኔና ባልደረባዬ እዚያው ነበርን። «በቃ፣ ዓመታችሁ ሞልቶ አለፈ፤ ዕቃችሁን ጫኑ» አለ።

«እኔ እንኳ ዛሬም ብትወስደኝ እሄዳለሁ፤ ደክሞኛል» አሉት አባቱ። «ግን እናትህን ምን እናድርጋት? ሐሙስ የምታስተምራቸው ሃያ ሁለት ሴቶች አሏት።»

ልጁ የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። ከዚያ እናቱን ፍለጋ ወደ ማሳው ወረደ። እማማ ጎንበስ እንዳሉ ቀና ሳይሉ «መጣህልኝ? ጎሽ» አሉት። «በል ያንን መቆፈሪያ አንሣ። እንጨት ያለውን ብቻ፤ ሌላውን እንዳትነካብኝ!»

ኮቱን አውልቆ ለባልደረባዬ ሰጣትና አጎነበሰ።