ዘግይቶ የመጣው መስመር

ቡላኦስ በሚባል፣ ሙቀቱ በማይቻል ሰፈር ውስጥ የአንድ መድኃኒት መጋዘን ማቀዝቀዣ የሚመራበትን ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሚሠራውን ሁሉ ስክሪን ላይ እንዲጽፍልኝ ሎግ ላይብረሪ የሚባል፣ ሌሎች የሠሩት ዝግጁ የፕሮግራም ክፍል ገጥሜበታለሁ። አንድ ቀን በዚያ ሙቀት ማቀዝቀዣው እምቢ አለ። የድሬዳዋው ልጅ ቴክኒሻኑ አብዲ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የማቀዝቀዣውን ትልቅ ማራገቢያ ክዳን ፈታና፣ «አቦ፣ ቆሟል?» ብሎ ጮኸ። ስክሪኑን አየሁ፤ የመጨረሻው መስመር «ማራገቢያ ቆሟል» ይላል።

«ቆሟል፣ ቀጥል!» አልኩት።

ወዲያው አጠገቤ ያለው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ቀጭ አለ። ማራገቢያው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የሚሰማ ድምፅ ነው። ስክሪኑ ግን አሁንም «ቆሟል» እንዳለ ነው። «አብዲ! እጅህን አውጣ!» ብዬ ስጮህ ማራገቢያው ከላይ አጓራ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ስደርስ በጀርባው ተንጋሎ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያያል። ሁሉም አሉ።

ለካ ፕሮግራሙ ማራገቢያውን አስነስቶት ነበር፤ ላይብረሪው ግን መልእክቶቹን አጠራቅሞ፣ ዘግይቶ ነው የሚጽፈው። ተደጋግፈን ስንወርድ «ማራገቢያ ተነስቷል» የሚለው መስመር ገና ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። አብዲ አነበበውና ወደ እኔ ዞረ።

«አቦ፣ ይሄ ነገርህ ለቀብር ነው እንዴ የሚደርሰው?»