እናቷን እሳት የበላባት ግልገል

ከሽንፋ ወደ ሸሕዲ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት ሴት ከአንድ ሽማግሌ ጎን ተቀምጣለች። ከነጠላዋ ሥር ቀጭን ጩኸት ሲሰማ ሽማግሌው ዞር አሉ።

"ምንድን ነው የያዝሽው፣ ልጄ?"

"የድመት ግልገል ናት፣ አባባ።"

"ዓይኗም ገና አልተገለጠ። እናቷስ?"

"የሰሊጥ ማሳውን ሲያቃጥሉ እሳት በላት። ይችን አውጥታ ለሌሎቹ እንደተመለሰች ቀረች።"

"የላም ወተት እንዳትሰጫት፣ ሆዷን ይነፋታል።"

"የላም አይደለም። የራሴን ወተት በጥጥ እየነከርሁ ነው የምሰጣት።"

"የምታጠቢው ልጅ አለሽ?"

"ነበረኝ። ወባ ወሰደብኝ። ወተቱ ግን አልደርቅ አለ።"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

"አማቴ ነውር ነው ብላ ልትጥላት ስትል ይዣት ወጣሁ። እናቴ ዘንድ ነው የምሄድ።"

"ሆዷንስ በእርጥብ ጨርቅ ታሺላታለሽ? እናቷ የምትልሳት ለዚያ ነው፤ ካልታሸች ሽንቷ አይወጣም።"

"አሽቼላታለሁ። ጠዋት ትንሽ ወጣላት።"

ጥቂት እንደተጓዝን ጩኸቱ ጠፋ።

"ተኛች መሰለኝ። እስቲ ይዩልኝ፣ አባባ።"

ሽማግሌው ግልገሏን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ።

"አልተኛችም፣ ልጄ። ቀዝቅዛለች።"

"አሁን ስትጮህ አልነበር?"

"ነበር። አሁን ግን ሞታለች።"

"ሸሕዲ እስክንደርስ ልያዛት?"

"ያዣት፤ ማን ይከለክልሻል።"

ሙቀቱ እያፈነን ሳለ፣ ነፋሱ ግልገሏን እንዳይነካት በጎኔ ያለውን መስኮት ቀስ ብዬ ዘጋሁት።