ቀይ ምልክት ያለው ወተት

ትንቢት ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ካለው የበዛብህ ሱቅ የገባችው ውሃ ልትገዛ ነበር፤ ጥሟን ግን ወዲያው ረሳችው። አንድ ሽማግሌ ፍሪጁን ከፍተው የላስቲክ ወተቶችን ያገላብጣሉ። ጥጉ ላይ ያለው ክብ ምልክት አረንጓዴ የሆነውን ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ የቀላውን ወደ ዘንቢላቸው ይከታሉ። ባለሱቁ ያያል፤ ያያልና ዝም ይላል።

ትንቢት በዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ናትና የምልክቱን ትርጉም ታውቃለች። የባለሱቁ ዝምታ ደሟን አፈላው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀዩን ለምን መረጡ?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይርጉ እባላለሁ፤ ወናጎ ላይ ቡና ስለቅም ያረጀሁ ሰው ነኝ። የበሰለው ቀዩ ነው። ለልጅ ልጄ ጥሬ ልውሰድላት?»

«ይኼ እኮ ቡና አይደለም! ወተቱ ደህና ሲሆን ምልክቱ አረንጓዴ ነው፤ ሲኮመጥጥ ራሱ ይቀላል። እርስዎ የተበላሸውን መርጠው ነው የሚገዙት።»

የአቶ ይርጉ ፈገግታ ጠፋ። «እናንተ የተማራችሁት ዕድሜ ልካችንን ቀዩን ቡና ልቀሙ ስትሉን ኖራችሁ፤ ታዘዝን። አሁን ደግሞ ቀዩን ተዉ ትሉናላችሁ። ማንን ጠይቃችሁ ነው ምልክት ያወጣችሁልን? ወተት የሚታወቀው በአፍንጫ ነው። ቢኮመጥጥስ፣ እርጎ ሆነ ማለት አይደል? እርጎ ማንን ገድሎ ያውቃል?»

ትንቢት ላስቲኩን ገልብጣ አየች። ማብራሪያው አለ፤ በዓይን በማይታይ ደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል። አሁን ደግሞ እንደ እሷ ተምረው ይህን በጻፉት ሰዎች ተናደደች።

«በዚህስ እውነት አለዎት። በቡና አገር ቀይ ምልክት ሲሸጡ በሚገባን ቋንቋ ማስረዳት ነበረባቸው። ግን አባባ፣ የታሸገ ወተት እንዴት ይሸተታል? ቀድደው ቢያሸቱት ባለሱቁ ይመልስልዎታል? ምልክቱ የተሠራው ሳይከፈት እንዲያስጠነቅቅዎት ነው። እርጎ ደግሞ ታጥቦ በታጠነ ዕቃ ታስቦበት የሚረጋ ነው፤ ይኼ ግን ሙቀት ላይ ውሎ የተበላሸ ነው።»

«እኔ ቀዩን ውሰዱ አላልኩም» አለ በዛብህ። «ራሳቸው ናቸው የመረጡት።»

«ማታ ማታ ፍሪጁን ይነቅሉታል?» አለችው ትንቢት።

«መብራቱ ይቆጥራላ!»

ምን ዓይነት መልስ ነው! የሕፃን ሆድ ከመብራት ቆጣሪ አነሰ ማለት ነው። ስንቶቻችን ነን እጃችን ካልነካው ጥፋቱ የእኛ የማይመስለን!

ትንቢት ከአረንጓዴውም ከቀዩም አንዳንድ ገዝታ፣ አቶ ይርጉን አስከትላ ጎን ካለው ሻይ ቤት ገባችና በየተራ አስፈላቻቸው። ባለ አረንጓዴው አረፋ ደፍቆ ገነፈለ። ባለ ቀዩ ገና ሲሞቅ ተቆራርጦ ፍርፋሪና ቢጫ ውሃ ሆነ። ሽታው ሻይ ጠጪዎቹን ሁሉ አፍንጫ አስያዘ።

አቶ ይርጉ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እኛ ቤት አይፈላም» አሉ። «የታሸገ ንጹህ ነው ብለን እንዲሁ ነው ለሕፃኗ የምንሰጣት። ሀኒ፣ ምራቴ፣ ‹ይሸታል› ብላኝ ነበር። ‹የበሰለ ወተት አታውቂም› ብዬ አፏን አስያዝኳት። ልጅቷን ተቅማጥ ሲይዛት ደግሞ ‹ጡጦውን ስለማታጥቢ ነው› ብዬ ጎረቤት እየሰማ አዋረድኳት።»

«ሕፃኗስ አሁን?»

«ጤና ጣቢያ ወስደናት ተሽሏታል። ዛሬም የመጣሁት አቅም እንዲሆናት ብዬ ነበር።»

ተነሥተው ወደ ሱቁ ተመለሱ። ከዘንቢላቸው ባለ ቀይ ምልክቶቹን እያወጡ ባንኮኒው ላይ ደረደሯቸው። «አንተ በዛብህ! ልጅ የለህም? መርዝ ስለቅም እያየህ ዝም ትለኛለህ?»

በዛብህ አቀረቀረ። ትንቢትም ምልክቱ የሚጠቅመው ገዢውን ብቻ እንዳልሆነ አስረዳችው፤ የትኛውን ቀድሞ እንደሚሸጥ ያሳየዋል፣ ፍሪጁን ካልነቀለም የሚጣል ወተት አይኖረውም። እሱም ሶኬቱን ዳግም ላይነቅል ቃል ገባ። ከዚያ ካርቶን ቀድዳ በአማርኛ ጻፈች፤ አቶ ይርጉ እየነገሯት ደግሞ በጌዴኦ ቋንቋ፦ «ቡና ሲቀላ ይለቀማል፤ ወተት ሲቀላ ይጣላል።» ፍሪጁ በር ላይ ለጠፉት።

አቶ ይርጉ አረንጓዴውን ይዘው ከወጡ በኋላ ደጃፉ ላይ ቆመው ስልካቸውን አወጡ።

«ሀኒ፣ ልጄ፣ ጎረቤቶቹን ጥሪልኝና ሁሉም እንዲሰሙ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጊው።» ጥቂት ጠበቁ። «መጡ? እሺ። የሀኒ ጡጦ ንጹህ ነበር። ቆሻሻውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»