የተደበቁት ወራት

ባለፈው ኅዳር መነጽሬን ላሠራ ከጎባ ወደ ሮቤ ስወርድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ከፊታችን የስንዴ ማጨጃ ኮምባይነር መንገዱን ሞልቶ ይንፏቀቃል፤ ሾፌሩ ክላክሱን ያስጮኻል፤ ረዳቱ ይሳደባል። እኔ አርባ ዓመት ያስተማርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ ዝም ማለት ያልሆነልኝ ሰው ነኝ። ሁለቱንም ልቆጣ አፌን ስከፍት ከኋላዬ «መምህር ጉተማ፣ አካም ቡልተን?» የሚል የሰላምታ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ጎረቤቴ ወይዘሮ እታለማሁ ናቸው። አጠገባቸው ምራታቸው አዜብ ተቀምጣለች፤ ሚኒባሱ በሰው ትንፋሽ ግሎ ሳለ እሷ ጋቢ ተከናንባ ላብ ያጠምቃታል።

«ጋቢው ምንድን ነው? አመማት እንዴ?» አልኩ።

«ብርድ ነው» አሉኝ ቆጣ ብለው።

ኧረ ተዉ! ብርድ አለመሆኑን ረዳቱ እንኳ ያውቃል። በእኛ ሰፈር የነፍሰ ጡር ሆድ ቢገፋም ወሯ አይነገርም፤ ጠያቂ ከመጣና ግድ ከሆነ ደግሞ ሁለት ወር ተቀንሶ ነው የሚነገረው። የሰው ዓይን ወሩን ካወቀ ፅንሱን ያገኘዋል ይባላል። እኔ ራሴ ባዮሎጂ እያስተማርኩ ሚስቴ ስታረግዝ ወሩን ስቀንስ የኖርኩ ሰው ነኝና ማንም ላይ ለመፍረድ አፍ የለኝም።

ከፊት ወንበር የተቀመጠች ወጣት ንግግራችንን ሰምታ ዞረች። ፌበን ናት፤ ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬአታለሁ። ዛሬ ሮቤ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ በአልትራሳውንድ ትመረምራለች፤ የሕፃን አንጎል በእናቱ ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ የሚያጠና ቡድን አለ፣ ከእነሱ ጋር ነው የምትሠራው። አዜብን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

«አዜብ! እማማ፣ እንደምን አደሩ? ስለ ልጅቱ ሰማሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

አዜብ ካቻምና የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ነበር። ሴት ልጅ። በተወለደች በሳምንቷ ያንዘፈዝፋት ጀመር፤ አራት ወር ኖራ ሞተች። ቀብሯ ላይ ነበርኩ።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ። «ግን ልጄ፣ አትቀየሚኝና፣ እናንተው ናችሁ ያያችኋት። በዚያ መሣሪያ ጭንቅላቷን ስትለኩ ስትነካኩ! ፈጣሪ የሸፈነውን ሰው መግለጥ የለበትም። ዘንድሮ ሐኪም ዘንድ አላደርሳትም፤ እናቷ ቤት ወስጄ አስቀምጣታለሁ፤ አበቃ።»

«እማማ፣ እውነትዎን ነው የሚፈሩት፤ ልጅ ቀብረዋል። ነገር ግን መሣሪያው ድምፅ ብቻ ነው። ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ወደ ሆድ ይገባል፤ የልጁ አካል ላይ ደርሶ ሲመለስ በስክሪን ላይ ሥዕል ይሆናል። እንደ ራጅ ጨረር የለውም። የልጅቱን ሕመም እሱ አላመጣውም።»

«ታዲያ ምን አመጣው?»

ፌበን «እማማ፣ እንደ ልጅዎ ይዩኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ያኔ ስንት ወሯ ነው ብልዎት፣ ‹ማርያምን፣ አምስት› አሉኝ። እውነት አምስት ነበር?»

ወይዘሮ እታለማሁ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«ሰባት ነበር» አለች አዜብ። ከተሳፈርን ጀምሮ ስትናገር ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ፌበን ዓይኗን ጨፈነች። «በአምስት ወር የሕፃን አንጎል ላዩ ልሙጥ ነው። ከዚያ ወዲህ መሸብሸብ ይጀምርና ሰባት ሲደርስ እንደ ጥቅል ጎመን ይሆናል። የልጅቱ ልሙጥ ነበር። ለአምስት ወር ደህና ነው ብዬ ጻፍኩ። በወሩ ተመለሱ አልኩ፣ አልተመለሳችሁም።»

ደሜ ፈላ። «ቆይ አንቺ፣ መሣሪያው ራሱ ዕድሜውን አይለይም? ምን ተማርሽ ታዲያ?»

«ይለያል ቲቸር። የልጅቱ የጭን አጥንት ሰባት ወር ይል ነበር። አይቼዋለሁ። ግን እናቴ የሚሆኑ ሴት ማርያምን ብለው ምለውልኝ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ‹ዋሽተዋል› ልበል? አፈርኩ። ቤተሰቡ ረጃጅም ነው ብዬ አለፍኩት። ኃላፊዬን መጠየቅ ነበረብኝ፤ እሱንም አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ሳላስባት ውዬ አላውቅም።»

ታላቅ ሲናገር አንገትህን ድፋ፣ ቢሳሳትም ዝም በል እያልን ያሳደግናቸው እኛ ነን። ይህችኑ ልጅ በክፍል ውስጥ ስህተቴን ስታርመኝ «ቁጭ በይ!» ያልኩበት ቀን ትዝ አለኝና በራሴ አዘንኩ።

«ብታውቁትስ ኖሮ ታድኗት ነበር?» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ፣ አሁንም ፊታቸውን ሳይመልሱ።

«አንጎሏን መጠገን አንችልም ነበር፤ አልዋሽዎትም። ግን አዜብ የሕፃናት ሐኪም ባለበት ትወልድ ነበር። ማንዘፍዘፉ እንደጀመራት መድኃኒት ታገኝ ነበር። እናንተ ሐኪም ጋ ያመጣችኋት ስንት ወር ሲሆናት ነው?»

«ሦስት» አለች አዜብ። «እስከዚያ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ይጥላት ነበር። እኔ እይዛታለሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።»

«መድኃኒቱ ሁሉንም ባያቆም ብዙውን ያስታግስላት ነበር» አለች ፌበን። «ደግሞም እማማ፣ ሕመሙ ከሆድ ጀምሮ የነበረ መሆኑን ብታውቁ ኖሮ ማንም ማንንም አይወቅስም ነበር።»

ይህን ባለማወቅ ነው የተናገረችው፤ እኛ ጎረቤቶች ግን እናውቃለን። ወይዘሮ እታለማሁ «በቀትር ወንዝ ተሻግራ ነው ልጄን ያስለከፈችው» ብለው ለሰው ሁሉ አውርተው ነበር። አሁን ግን ፊታቸውን ከመስኮቱ መልሰው ወደ አዜብ ዞሩ።

«አራት ወር ሙሉ ከእጇ ውኃ አልተቀበልኩም» አሉ። «የልጇን ሬሳ ታቅፋ እንኳ አላናገርኳትም። ወይኔ! ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?»

አዜብ አላጽናናቻቸውም፤ አልፈርድባትም። «እማማ፣ እኔ መታየት እፈልጋለሁ» አለች። «ክፉም ቢሆን ቀድሜ ልወቀው። እንደዚያ ሳላውቅ ሁለተኛ አልችልም።»

«ሊደገም ይችላል እንዴ?» ብለው አሮጊቷ ፌበንን ጠየቁ።

«አላውቅም እማማ። ለዚህ ነው ማየት ያለብን። ወሩን በእውነት ከነገሩኝ ግን የማየውን ነገር አውቀዋለሁ።»

ወይዘሮ እታለማሁ ጋቢውን ከአዜብ ትከሻ ላይ ገፈፉት። ሚኒባሱ ሁሉ እየሰማ፣ «ስድስት ወር ከሁለት ሳምንት» አሉ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ዋቅኒ ሲ ሃ ገርጋሩ፣ ፈጣሪ ይርዳሽ» ብለው መረቁ፤ ሴቶቹም «በሰላም ይገላግልሽ» ተባባሉ። ያ ስንፈራው የኖርነው የሰው ዓይን ይኸው ነበር።

ሮቤ ስንደርስ መነጽሬን ረስቼ አብሬአቸው ፌበን ክሊኒክ ገባሁ። ፌበን ጭንቅላቱን፣ አጥንቱን፣ በአንጎሉ ውስጥ ያለውን የውኃ ቦታ ለካች፤ ከዚያ ኃላፊዋን ጠርታ በእሱም አስለካች። ሽብሽቡ ጀምሯል አሉን። ለጊዜው በወሩ ልክ ነው፤ ነገር ግን ተመለሱ፣ ደግመን እንይ። እኔ ደስ ብሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ግን አልፈነደቁም። የሞተችው ልጅ አብራን ክፍሉ ውስጥ ያለች ያህል ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ደግሜ ልንገርህ፣ አመሌ ነውና ታገሠኝ። የእርግዝናዋን ወር በትክክል የተናገረች እናት ለልጇ ከመወለዱ በፊት ሐኪም ታቆምለታለች። ደህና ከሆነ ተኝታ ታድራለች፤ ችግር ካለ የት እንደምትወልድ፣ ምን መድኃኒት እንደሚያስፈልግ ቀድማ ታውቃለች። መርማሪውም ያየውን፣ ከታላቅ ሰው ቃል ጋር ባይገጥም እንኳ፣ በትሕትና ይናገር፤ ታላቁም አይቀየም። እኔ ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ስችል ሳልጽፈው አርባ ዓመት አለፈ።

ልንወጣ ስንል ወይዘሮ እታለማሁ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህ የምትጽፉት ምን ይሆናል?»

«የብዙ ሕፃናት ልክ ይሰበሰብና እማማ፣ በዚህ ወር አንጎል ይህን ይመስላል የሚለው መለኪያ ከእሱ ይወጣል። ለሌሎች ልጆች ይሆናል።»

«የዚያች የልጃችንስ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው የእኔ ውሸት በሌላ ሰው ልጅ ላይ ሊደርስ ነው።» ተመልሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «አውጪው። አምስት የሚለውን ሰርዢና ሰባት በይው። ማን ነገረሽ ካሉሽ፣ አያቷ በይ።»