አረሙ የሸፈነው ጠርዝ

ወንድምዓለም፣ ተነሥ እንጂ። ይሄ ሁሉ ሰው ላንተ ብሎ ቆሟል፤ አንተ ደግሞ ሰው ማስጠበቅ አትወድም ነበር።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው ሠራተኞች፣ አብራችሁን ስለቆማችሁ አመሰግናለሁ። ታላቅ ወንድሜን ልሰናበት ነው። ድምፄ ከከዳኝ ታገሡኝ።

ወንድሜ ማን ነበር? የከተማው ቆሻሻ ውሃ የሚጣራባቸውን ኩሬዎች የሚያጸዳ ሰው ነበር። ጓደኞቹ «ገበሬው» ይሉታል፤ ያልዘራውን ሲያጭድ ስለሚውል። አንድ ቀን ወደ ኩሬዎቹ ይዞኝ ሄደ። ውሃው አረንጓዴ ነው። «ይሄን ለምን አታወጣውም?» አልኩት።

«አንተ ጅል! ይሄ አልጌ ነው። ውሃው የሚተነፍሰው በሱ ነው። የኔ ጠላት ያ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው አረም ነው፤ ፀሐይ ይከለክላል። ሳምንት ከተውከው ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ነው። ያኔ ውሃውና የዳሩ ሣር አይለይም። አረንጓዴ ሁሉ መሬት አይደለም፤ ገባህ?»

ገባኝ አልኩት።

ማታ ሲመጣ እናታችን በሩ ላይ ትጠብቀዋለች። «ቦቲህን እዚያው! እንዳትገባ!»

«እማዬ፣ ያስጠላሽ ሽታው ነው ወይስ እኔ?»

«ሁለታችሁም!» ትለዋለች፣ እየሳቀች።

እማዬ፣ ቦቲው አሁንም በሩ ላይ ነው። ማን ያስገባዋል?

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ትኩሳት ጣለኝ። «አትሂድ» አልኩት። «አረሙስ?» አለኝ። «አረሙ ይቆይ» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ሰባት ቀን አጠገቤ ተቀመጠ፤ ሰባት ቀን ግንባሬን አበሰ። ሰባት ቀን ኩሬውን ማንም አልነካውም፤ ሌላ ሰው አልነበረም። ከትናንት ወዲያ እኔ ከአልጋ ተነሣሁ፣ እሱ ወደ ሥራው ሄደ። ሣሩ የት ያልቃል? ውሃው የት ይጀምራል? እኔን ያስተማረውን ለሱ ማን ያስታውሰው? ረገጠ። መሬት አልነበረም።

«ቀኑ ደርሶ ነው» ትሉኛላችሁ። አይደለም። አትሂድ ስላልኩት ነው።

ደህና ሁን፣ ወንድምዓለም። የሚያጽናና ቃል ፈልጌ አጣሁ። ያደረግኩትን ብቻ ልንገርህ። ትናንት፣ ያላንተ በነጋው የመጀመሪያ ጧት፣ ደብተሬን ትቼ ኩሬው ዘንድ ሄድኩ። ዘበኛው አይቶ በሩን ከፈተልኝ። ረጅሙን መቧጠጫህን አነሣሁና በጉልበቴ ተንበርክኬ ከጠርዙ ጀመርኩ። ሲሚንቶው ብቅ አለ። አንድ ርምጃ፤ ሁለት ርምጃ። ዞር ስል፣ ባጸዳሁት ላይ አረሙ መልሶ ገጥሟል። ወደ መጀመሪያው ተመለስኩና እንደገና መቧጠጥ ጀመርኩ።